አንድ ቁጥር ለኃላፊው

ሁለት የጎጃም ሽማግሌዎች በር ላይ ሲገናኙ ቆማችሁ አይታችሁ ታውቁ እንደሆነ እንጃ። ካላያችሁ፣ ጊዜ ሲተርፋችሁ ወደ ፍኖተ ሰላም ብቅ በሉና ከአንዱ መሥሪያ ቤት መግቢያ አጠገብ ቁሙ። አንደኛው «ይለፉ» ይላል። ሁለተኛው «ኧረ እርስዎ ይቅደሙ» ይላል። «በሞቴ» ይከተላል፤ «እኔ ልሙት» ይከተላል። አንዱ የሌላውን ክንድ ይዞ ወደ ውስጥ ይገፋል፤ የተገፋው ደግሞ መቃኑን ጨብጦ እንቢ ይላል። ይህ ሁሉ ሲሆን ከኋላ የቆምነው ዝናብ ይወርድብናል። ማንም ግን አይቆጣም። ነገሩ ተገቢ ስለሆነ ዝም ብለን እንጠብቃለን።

ሠርግ ላይ ደግሞ ግፊያው ይቀርና አመዳደብ ይመጣል። ማን ከማን በላይ እንደሚቀመጥ የሚያውቅ አንድ ሰው ድንኳኑ በር ላይ ይቆማል። ካህናቱን ወዲህ፣ የልጅቱን አጎቶች ወዲያ፣ ከባሕር ዳር የመጣውን ባለ ሙሉ ሱፍ ደግሞ ማንነቱ እስኪጣራ ድረስ መሐል ላይ ያደርጋል። ቡሬ ያለው አጎቴ አንድ ጊዜ ተሳስተው ከድንኳን ምሰሶ ኋላ አስቀመጡትና ሙሽሮቹን ሳያይ ወጣ። ሙሽሮቹ ዛሬ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት ያደርሳሉ፤ አጎቴ ግን ስለዚያ ምሰሶ አሁንም ያወራል።

በዚህ ጠባያችን የምሣለቅ እንዳይመስላችሁ። ሰው ሰውን ሲያከብር ማየት ደስ ይለኛል፤ እኔም ራሴ በር ላይ ቆሜ ስንቱን ሰው በዝናብ አስደብድቤያለሁ። ብቻ ይኸው ክብራችን አንድ ቀን ሽቦ ውስጥ ገብቶ ሥራ ያስፈታናል ብዬ አላሰብሁም ነበር።

የኮምፒውተር ባለሙያ ነኝ። እንዲህ ያለ ሰው ትንሽ ከተማ ውስጥ ምን ምን እንደሚያሠሩት ታውቃላችሁ፤ የጎረቤት ስልክ ከፍቻለሁ፣ ዲሽ አዙሬያለሁ፣ አንድ ጊዜማ የውኃ ፓምፕ አምጥተውልኝ «ይህም በመብራት ነው የሚሠራ» ብለው ተከራክረውኛል። የመሥሪያ ቤቴን ስም አልነግራችሁም፤ ከነገርኋችሁ ማን ማን እንደሆነ ለማወቅ ግማሽ ቀን አይፈጅባችሁም።

ባለፈው ዓመት ለዚህ መሥሪያ ቤት ሰርቨር መጣለት። የመጣ ቀን ሠራተኛው በሙሉ ኮሪደር ላይ ወጥቶ ነበር። ካርቶኑ ተከፈተ፤ ከውስጡ እንደ ሻንጣ ጠፍጠፍ ያለ ጥቁር ብረት ወጣ። ስክሪን የለው፣ ኪቦርድ የለው። «ሌላው ዕቃ በየት ቀርቶ ነው?» አለ አንዱ፤ ዕቃው መንገድ ላይ ተዘርፎ የመጣ መስሎት። ብረቱን ራክ በሚባለው የብረት መደርደሪያ ላይ ገጠምሁት፣ ቆልፌ ወጣሁ፣ ሰዉም ቅር እያለው ወደየቢሮው ገባ።

በሳምንቱ ግን ከበላይ ደብዳቤ ደረሰ። ማንኛውም ሠራተኛ ስለ ሰርቨርና ስለ ኔትወርክ መሠረታዊ ቃላትን ሠልጥኖ በኢንተርኔት ፈተና ይቀመጥ፤ ያላለፈ ወይም ያልተፈተነ ወደ ሌላ ቦታ ይመደብ ይላል። አሠልጣኙ እኔ ነኝ። ፈተናው የሚመጣው ደግሞ ከባሕር ዳር ነው።

ከሠልጣኞቹ መካከል የመዝገብ ቤቷ ወይዘሮ ባንቺአምላክ ነበሩ። እኛ እትየ ባንቺ ነው የምንላቸው። ከሃያ ዓመት በላይ እዚያች አቧራማ ክፍል ውስጥ ኖረዋል። ከጅጋ ወይም ከቆጋ በኩል አንድ ገበሬ መጥቶ የፋይሉን ቁጥር ቢረሳ፣ የአባቱን ስምና ጉዳዩ የተጀመረው አጨዳ ላይ ይሁን ዘር ላይ ብቻ ጠይቀው መሰላል ላይ ይወጣሉ፤ ሲወርዱ ፋይሉን ይዘው ነው። ጡረታቸው ሦስት ዓመት ቀርቶታል። ዲግሪ ስለሌላቸው ግን የሰው ኃይል ባለሙያችን ገደፋው ባዘጋጀው የመጀመሪያ የምደባ ረቂቅ ላይ፣ ፈተናው ገና ሳይመጣ፣ ስማቸው ከአንደኛው መስመር ላይ ተጽፎ ነበር። ምደባው ከፍኖተ ሰላም ርቆ ወደ ሊበን ነው።

የሊበን ሰዎች እንዳትቀየሙኝ፤ ሊበን ደኅና አገር ነው። ነገር ግን እትየ ባንቺ ዓይናቸው የጠፋ እናት አሏቸው። ምሳ ሰዓት ላይ እየሮጡ ሄደው አብልተው፣ ቀና አድርገው፣ ደጃፍ ፀሐይ ላይ አስቀምጠው ነው የሚመለሱት። ሴትዮዋ ከሌላ ሰው እጅ አይጎርሱም። ሊበን ሆኖ ፍኖተ ሰላም ላይ ማጉረስ አይቻልም። እትየ ባንቺ ይህን ለማንም አላወሩም፤ እኔም የሰማሁት ከጎረቤታቸው ነው። ከሰማሁ በኋላ ግን ክፍል ውስጥ ዓይናቸውን ማየት አቃተኝ።

ሥልጠናው ተጀመረ። ሰርቨር ማለት የሌሎቹን ኮምፒውተሮች ጥያቄ እየተቀበለ የሚያስተናግድ ኮምፒውተር ነው አልሁ። እትየ ባንቺ በደብተራቸው ላይ «መዝገብ ቤት» ብለው ጻፉ። ስዊች ማለት በግቢው ውስጥ ያሉትን ኮምፒውተሮች የሚያገናኝ፣ የትኛው መልእክት ለየትኛው ክፍል እንደሆነ የሚያውቅ ሳጥን ነው አልሁ። «የውስጥ ተላላኪ» ብለው ጻፉ። ራውተር ደግሞ የእኛን ግቢ ከውጭው ዓለም የሚያገናኝ፣ ወደ ኢንተርኔት የሚወጣ መልእክት ሁሉ በእሱ በኩል የሚያልፍበት ነው አልሁ። «የግቢ በር» ብለው ጻፉ። ፖርት ኬብሉ የሚሰካባት ቀዳዳ ናት ስላቸው ደግሞ መስኮታቸውን፣ ባለጉዳይ የሚሰለፍባትን፣ በእስክሪብቶ ሥለው አሳዩኝ። እኔ ከአራት ዓመት ትምህርት የያዝሁትን እሳቸው በሁለት ገጽ ጨረሱት።

ረቡዕ ዕለት አድራሻ ደረስን። እያንዳንዱ ኮምፒውተር እንዳይምታታ የራሱ ቁጥር አለው፤ ቁጥሩ ረጅም ነው፤ የሁላችንም መጀመሪያው አንድ ዓይነት ሆኖ የሚለየን መጨረሻው ነው። የማተሚያ ማሽኑ አምስት፣ የመዝገብ ቤቱ ሃያ ሁለት፣ የኃላፊያችን የአቶ ቢያድግልኝ አርባ ሰባት። ቁጥሩ የት እንደሚታይና እንዴት እንደሚለወጥ በፕሮጀክተር አሳየሁ። የመጀመሪያዋ፣ አንድ ቁጥር፣ የማን እንደሆነች ለመናገር አፌን ስከፍት ሻይ መጣ። እናንተም ታውቃላችሁ፤ ሻይ ከመጣ በኋላ የሚሰማ ሰው የለም። ተውሁት።

ሐሙስ ጧት ኢንተርኔቱ ጠፋ።

ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የነበረ፣ ሁለት ሰዓት ከአርባ ላይ የለም። አራት ሰዓት ገደማ ራሱ ተመለሰ። ከሰዓት በኋላ ጠፋ፤ መውጫችን ሲደርስ መጣ። ዓርብም እንዲሁ። ያልፈተሽሁት የለም። የየክፍሉን ኬብል ጫፍ እየቆረጥሁ እንደገና አሰርሁ። ስዊቹን ነቅዬ ሌላ ተከልሁ። ከውጭ የሚመጣውን መስመር ጠረጠርሁ፤ ደውዬም ተጨቃጨቅሁ። ቡሬ ድረስ በሚኒባስ ሄጄ አዲስ ኬብል ገዛሁ። ቅዳሜ ኮርኒስ ውስጥ ገብቼ ሆዴ ላይ እየተሳብሁ የአይጥ ጥርስ ፈለግሁ፤ አይጧን ሳላገኛት ለሁለት ቀን ያህል ከሰስኋት። ልብሴ በሸረሪት ድር ተሞልቶ ስወርድ ገደፋው ከታች ሆኖ «አይዞህ፣ እስከ ሰኞ ይስተካከላል» አለኝ። ሰኞ ፈተና ነው።

ሰኞ ከባሕር ዳር አንዲት ፈታኝ መጡ። ቀጠን ያሉ፣ ሰዓታቸውን ቶሎ ቶሎ የሚያዩ ሴት ናቸው። ፈተናው ከሦስት እስከ ስድስት ሰዓት ክፍት ነው፤ ከዚያ በራሱ ይዘጋል፤ የተዘጋበት ሁሉ አልተፈተነም ተብሎ ይመዘገባል። ሦስት ሰዓት ሆነ። ሠላሳ ሰው በየኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጧል። ኢንተርኔት የለም። ሦስት ተኩል ሆነ። የለም። እኔ ራኩ ሥር ተንበርክኬ የስዊቹን መብራቶች እያየሁ ላቤ ይንጠባጠባል። መብራቶቹ ሁሉ አረንጓዴ ናቸው፤ ደኅና ነን ይላሉ። በዚያች ሰዓት የተሰማኝ ኀፍረት እስካሁን አልለቀቀኝም።

«መምህሬ» የሚል ድምፅ ከኋላዬ መጣ። እትየ ባንቺ ናቸው፤ የገቢና ወጪ መዝገባቸውን በደረታቸው ታቅፈዋል።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ ነውር ኸሆነ ተወው።»

«ይጠይቁኝ፣ እትየ።»

መዝገቡን ገለጡት። እሳቸው ሁሉን ነገር ይጽፋሉ፤ ልማድ ነው። የፈተና ልምምድ ሲያደርጉ ኢንተርኔቱ የጠፋበትንና የመጣበትን ሰዓት ከሐሙስ ጀምሮ በኅዳጉ ላይ አስፍረዋል። ከዚያው ገጽ ላይ ደግሞ ለፊርማ ወደ ኃላፊው የገቡት ደብዳቤዎች ሰዓት አለ። ጣታቸውን ከአንዱ ወደ ሌላው አንሸራተቱት።

«ኃላፊው ሲገቡ ኔትወርኩ ይወጣል። ኃላፊው ለስብሰባ ሲወጡ ኔትወርኩ ይገባል።»

እኔ ሳቅሁ። «አክብሯቸው ይሆናላ» አልሁ። በጭንቀት ላይ ያለ ሰው የማይሆን ቀልድ ይቀልዳል።

እሳቸው አልሳቁም። «መዝገብ ቤት እንዲህ የሚሆነው ሁለት ፋይል በአንድ ቁጥር ሲከፈት ነው። አንዱን ስትጠራ ሌላው ይመጣብሃል። እኔ ኸዚህ ሌላ በሽታ አላውቅም። እስቲ የኃላፊው ኮምፒውተር ቁጥሩ ስንት ነው?»

እጄ ላይ የያዝሁት ፒንሳ ወደቀ። የእኔ ነገር እዚህ ላይ ይታያችሁ። በአራት ቀን ውስጥ ኮርኒስ ገብቻለሁ፣ አይጥ ከስሻለሁ፣ ቡሬ ደርሻለሁ፤ ያልገባሁበት አንድ ክፍል የኃላፊው ቢሮ ብቻ ነው። እኛ ጥፋት ስንፈልግ ከታች ነው የምንጀምረው፤ ወደ ላይ ስንደርስ ይደክመንና እንተወዋለን።

ገደፋውን ጠራሁት። ፊቱ ላይ ቅንጣት ጥፋተኝነት አልነበረም፤ እንዲያውም ኮራ አለ። «እኔ ነኝ የለወጥሁት። ያሳየኸንን በደንብ ነው የያዝሁት። ማተሚያ ማሽኑ አምስተኛ ሆኖ ኃላፊው አርባ ሰባተኛ ይሁኑ? ሰው ምን ይለናል? አንድ ቁጥርን ሰጠኋቸው።»

አንድ ቁጥር የራውተሩ ነበረች። ሻይ መጥቶ ያልተናገርሁት ይህንኑ ነው። ወደ ኢንተርኔት መውጣት የሚፈልግ ኮምፒውተር ሁሉ «አንድ ቁጥር ማነው?» ብሎ ይጣራል፤ አቶ ቢያድግልኝ ቢሯቸው ገብተው ኮምፒውተራቸውን ሲከፍቱ ሁለት «እኔ ነኝ» ባዮች ይኖራሉ፤ መልእክቱም ተሳስቶ ወደ እሳቸው ይሄድና እዚያው ይቀራል። ኮምፒውተራቸው በእንግሊዝኛ ያስጠነቅቅ ነበር፤ እሳቸው ግን ማስታወቂያ መስሏቸው ጥግ ላይ ያለችውን ምልክት እየተጫኑ ይዘጉታል።

በሽታው ታወቀ፤ አሁን የቀረው መድኃኒቱን መንገር ነው። ማን ይንገር? ኃላፊው ቁጥሯን ወድደዋታል። ገደፋው «ቁ. 1» ብሎ በወረቀት አትሞ ስክሪናቸው ጠርዝ ላይ ለጥፎላቸዋል፤ እሳቸውም ለመጣ እንግዳ ሁሉ ያሳያሉ። ገደፋው እኔን አየኝ። እኔ ፈታኟን አየሁ። ፈታኟ ሰዓታቸውን አዩ፤ አራት ሰዓት ከሩብ። ኃላፊው በሩን ዘግተው የምደባውን ረቂቅ እያዩ ነበር፤ ያንኑ የእትየ ባንቺ ስም ከላይ ያለበትን።

«እኔ እገባለሁ» አሉ እትየ ባንቺ። ነጠላቸውን አስተካከሉ።

ተከትለናቸው ገባን። እጅ ነሡ፤ ጤና ጠየቁ፤ የልጆቹን ደኅንነት ጠየቁ፤ ስለ በቆሎው ማማር ተነጋገሩ። እኔ በልቤ ደቂቃ እቆጥራለሁ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ጌታው፣ ሳናውቅ እርስዎን የሚያህል ሰው በር ላይ አቁመንዎታል። ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁ።»

«የምን በር?» አሉ አቶ ቢያድግልኝ።

«አንድ ቁጥር የግቢ በር ናት። መምህሩ ነው ያስተማረን። ወጪው ሁሉ እሷን ነው የሚያንኳኳ። ኸሐሙስ ጀምሮ ሠላሳ ኮምፒውተር፣ የማባዣ ክፍሉም የዕቃ ግምጃ ቤቱም፣ ‹አሳልፉኝ› እያለ ሲደበድብዎት ነው የሰነበተ።»

ኃላፊው ስክሪናቸውን ሲደበድባቸው እንደ ኖረ ሰው አዩት። «እኔን?»

«እርስዎን።»

«ለመሆኑ ቀድሞ የማን ነበረች?»

«ኮሪደር ላይ የተሰቀለችው ትንሽ ሳጥን ናት። ሥራዋ ነው፤ አትቀየምም።»

አቶ ቢያድግልኝ በገዛ ጥፍራቸው የተለጠፈውን ወረቀት ላጡና ቅርጫት ውስጥ ጣሉት። «አንሡልኝ» አሉ። «እኔስ አሁን የት ልሆን ነው?»

«አርባ ሰባት ባዶውን ነው ያለ» አሉ እትየ ባንቺ። «ማንም አልተቀመጠበትም። የእርስዎን ቦታ ማን ይደፍራል?»

ቁጥሩን ለመለወጥ የፈጀብኝ ጊዜ ሁለት ደቂቃ አይሞላም። ከኮሪደሩ «መጣ፣ መጣ» የሚል ድምፅ ተሰማ፤ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ እንደሚባለው። ሁሉም ተፈተነ።

እትየ ባንቺ አለፉ። ነገሩን ላሳምር ብዬ ሁሉን መለሱ አልላችሁም፤ ሁለት መሣሪያዎች አንድ ዓይነት አድራሻ ሲይዙ ምን ይባላል የምትለዋን ጥያቄ ስተዋታል። መልሱ «የበይነ መረብ ሥርዓተ ደንብ አድራሻ ግጭት» የሚል ነበር። «ግጭት የሚል ሳይ የትራፊክ ፖሊስ ጥያቄ ተቀላቅሎ የመጣ መሰለኝና ዘለልሁት» አሉኝ። ይህን የተረጎመው ሰው የትም ይኑር የትም፣ መዝገብ ቤት አንድ ሳምንት ቢቀመጥ ይጠቅመዋል። ፈታኟ ሲሄዱ ግን የእትየ ባንቺን ደብተር ለምነው በስልካቸው ገጽ በገጽ አንሥተውታል፤ ለሌሎች ወረዳዎች ማስተማሪያ እናደርገዋለን ብለዋል።

የምደባው ረቂቅ እንደገና ተጻፈ፤ ስማቸው የለበትም። በምትኩ አቶ ቢያድግልኝ አንድ አጭር ደብዳቤ ፈረሙ፤ ከእንግዲህ የማንኛውም ኮምፒውተር አድራሻ ቁጥር የሚሰጠው በመዝገብ ቤት ብቻ ነው፣ ማንም በራሱ እንዳይለውጥ ይላል። ግልባጩ ለገደፋው፣ ግልባጩ ለእኔ። ደብዳቤውን ሳነብ ትንሽ ቆጨኝ፤ ባለሙያው እኔ ነኝና። ያን ዕለት ምሳ ሰዓት ላይ ግን እትየ ባንቺ በግቢው በር ወደ እናታቸው ሲፈጥኑ በመስኮት አየኋቸውና ቁጭቱ ወዲያው ጠፋ። ደስ አለኝ። በጣም ደስ አለኝ።

ባለፈው ሳምንት አዲስ ስካነር ገዛንና አድራሻ ፈለግሁለት። ተሰልፌ መስኮቷ ጋ ደረስሁ። እትየ ባንቺ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ፤ እንደማያውቁኝ ሁሉ።

«ማመልከቻ ጽፈሃል?»

«እትየ፣ አንዲት ቁጥር እኮ ናት።»

«ጻፍና አምጣ።»

ጽፌ አመጣሁ። ተቀበሉኝ፣ የገባበትን ሰዓት መዘገቡ፣ ቀና ሳይሉ «ነገ ተመለስ» አሉኝ።

ገበሬው በዚህ ግቢ በየቢሮው ዘወትር ሲባል የሰማሁትን ቃል በገዛ ጆሮዬ ለገዛ ጉዳዬ ሰማሁት። ምን ይደረግ? በማግሥቱ ሄድሁ። ቁጥሩ ወጥቶ፣ ተፈርሞ፣ ማኅተም አርፎበት ጠበቀኝ። መሥሪያ ቤት ውስጥ ነገ ተብሎ ነገ ሲሆን ያየሁት ያን ቀን ነው።